ሰልፍ ለምን ይደረጋል?

የካቲት 23 ቀን የዓድዋን በዓል ለማክበር ከጓደኞቼ ጋር በጫኖ ተሰልፌ እየዘመርሁ ሄድሁ። ማታ አያቴን «ሰልፋችንን እንዴት አዩት?» ብላቸው፣ «መልካም ነው፤ ይህን እርሻ ያስገኘልን ግን ሌላ የካቲት ነው» አሉኝ። እኔም ስለማላውቀው አፈርሁ። ነገሩን ጠይቄ የተረዳሁትን ለአንባብያን ባጭሩ አቀርባለሁ።

ቀድሞ በደቡብ አገራችን ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። የሰው መሬት ያርሳል፤ ከምርቱ ለባለመሬቱ ይከፍላል፤ ባለመሬቱ ሲያሻው ያስለቅቀዋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ!» እያሉ ወደ ፓርላማ ተሰለፉ። ከመሪዎቹ አንዳንዶቹ ከትምህርት ታገዱ፤ ጥያቄው ግን አልታገደም። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን፣ አንድ ቤተ ሰብም እስከ 10 ሄክታር እንዲይዝ ታወጀ። ጭሰኝነትም ቀረ። አያቴ ያን ጊዜ ባገኙት ቦታ ዛሬ ሙዝ እናበቅላለን፤ የደብተሬም ዋጋ ከዚያው ይወጣል።

አያቴ ግን «ሰልፍ ልጓም ይሻል» አሉኝ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 30 የሚፈቅደው መሣሪያ ሳይያዝ በሰላም መሰለፍን ነው።

እንግዲህ ሰልፍ የሚደረገው ድምፁ ላልተሰማ ሰው ነው እንጂ ሌላውን ለመጉዳት አይደለም። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሚመጣው የካቲት ከመሰለፋችን በፊት በየቤታችን ያሉትን ሽማግሌዎች እንጠይቅ።