ዝማሬ፦ በባዕድ ሀገር ለሚያድጉ ልጆቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአሜሪካ የሚያድጉ ልጆቻችን በቤታቸው ኢትዮጵያውያን፣ በትምህርት ቤትና በጎዳና ግን በቆዳቸው ቀለም የሚለዩ ጥቁር ወጣቶች ናቸው። በአንድ ወገን የአባቶቻቸውን ቋንቋ አጥርተው ባለመናገራቸው ይወቀሳሉ፤ በሌላው ወገን በመልካቸው ይገፋሉ። ይህ ድርብ ሸክም ብዙዎቹን ወደ ዝምታና ብቸኝነት ይመራቸዋል።

ይህን ሸክም ቀድመው የተሸከሙት ጥቁር አሜሪካውያን ለልጆቻቸው ካበጁት መጠጊያ አንዱ ኪነ ጥበብ ነው። ዝነኛዋ ድምፃዊት ዶሮቲ ሜይኖር በ1964 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ከተማ ሃርለም ሠፈር፣ ባለቤታቸው በሚያገለግሉበት የፕሪስቢቴሪያን ቤተ እምነት ውስጥ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ። በእንዲህ ያለ ስፍራ ወጣቱ በስሙ የሚጠራው መምህርና ቢቀር የሚጠይቀው ባልንጀራ ያገኛል። ተሳስቶ መድገምን፣ ሌላውን ማዳመጥን ይማራል፤ በቃል ሊናገረው ያልቻለው ኀዘንም በዜማ መውጫ ያገኛል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳዊት በገና ሲደረድር ሳኦል ዕረፍት ያገኝ እንደ ነበር መጽሐፍ ቅዱስ ይነግረናል (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣው ቅዱስ ያሬድም በብላቴንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ነበር። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ ስትወጣ አይቶ ተጽናና፤ ተመለሰም። መምህሩም ተቀበሉት። ዛሬ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የምንዘምረው ያ ብላቴና ስለ ተመለሰ፣ በሩም ስላልተዘጋበት ነው።

በእርግጥ ዝማሬ አስቀድሞ ጸሎት ነው፤ የልብ ዕረፍት ፍሬው ነው። ጽኑ ጭንቀት የያዘው ወጣትም ከዝማሬው ጋር የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን ሊያገኝ ይገባል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ልጆቻችን የግእዙን ቃል ሲሰብሩ አንሣቅባቸው፤ ምሥጢሩን በሚያውቁት ቋንቋ እናስረዳቸው። ከበሮውንና ጸናጽሉን ከሩቅ እንዲያዩ ብቻ ሳይሆን ተምረው እንዲያገለግሉበት ተራ እንስጣቸው። በገናና የቅዱሳት ሥዕላት ትምህርትም በየአጥቢያው ይጀመር። ወላጆችም የመዝሙር ጥናትን ከትምህርት የሚያዘናጋ ትርፍ ነገር አድርገን አንቍጠረው። በውጭ የተገፋ ልጅ በእግዚአብሔር ቤት ቦታ እንዳለው የሚያውቀው ቦታ ሲሰጠው ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።