ከአንቴናው ፊት ስንት ሜትር?

ጣሪያ ላይ የሞባይል አንቴና ሊተከል ነው በተባለ ቁጥር ሰፈሩ ሁለት ይከፈላል። አንዱ «ከኔትወርክ ችግር ተገላገልን» ይላል፣ ሌላው ስለ ልጆቹ ጤና ይጨነቃል። ከአንቴናው የሚወጣው ምን ያህል ነው፣ ቤቴ የሚደርሰውስ? ብሎ የሚያሰላ ግን እምብዛም የለም። ሒሳቡ ደግሞ በወረቀትና በእርሳስ የሚያልቅ ነው።

በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ 40 ዋት የሚያሰራጭ ጣቢያ እንውሰድ። 40 ዋት የድሮ አምፖል ጉልበት ነው። አምፖል ግን ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ አንቴናው ኃይሉን ሰብስቦ ወደ ፊት ይልከዋል። ባለሙያዎች ጌይን የሚሉት ይህ መሰብሰብ በዋናው አቅጣጫ 50 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በኬብል የሚባክነውን ትተን ብናሰላ፣ ፊት ለፊት ላለ ሰው ምንጩ የ2,000 ዋት ያህል ነው። ከአንቴናው ጀርባ ያለው የሚደርሰው እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዋቱን ብቻ ጠይቆ መፍረድ አይቻልም።

ኃይሉ በራቀ ቁጥር እየሰፋ በሚሄድ ሉል ላይ ይሰራጫል። የሉሉ ገጽ ስፋት ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በ4 እና በፓይ ሲባዛ ይገኛል፤ 100 ሜትር ላይ 125,700 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 2,000ን ለዚህ ስናካፍል 0.016 ዋት በካሬ ሜትር ይሆናል። 200 ሜትር ላይ 0.004 ብቻ።

ሌላው መለኪያ የኤሌክትሪክ መስኩ ጥንካሬ ሲሆን የሚነገረው በቮልት በሜትር ነው። እንግሊዛዊው ፊዚሲስት ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ በ1884 እ.ኤ.አ. የሞገድ ኃይል ከኤሌክትሪክና ከማግኔት መስኮች እንዴት እንደሚገኝ አሳየ። በተግባር የሚያስፈልገን ግን አንድ ቁጥር ነው፤ 377 ኦም። በካሬ ሜትር ያለውን ዋት በ377 አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው። 100 ሜትር ላይ 2.45 ቮልት በሜትር ይወጣል፣ 200 ሜትር ላይ 1.22። ኃይሉ ወደ ሩብ ሲወርድ መስኩ የወረደው ወደ ግማሽ ነው። በርካሽ መለኪያ ቮልት አንብቦ በዋት ከተጻፈ ወሰን ጋር የሚያነጻጽር ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

አይክኒርፕ የተባለው ዓለም አቀፍ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን በዚህ ፍሪኩዌንሲ ለሕዝብ ያስቀመጠው ወሰን 4.5 ዋት በካሬ ሜትር፣ ወይም 41 ቮልት በሜትር ነው። የእኛ 100 ሜትር ከዚህ ከ280 እጥፍ በላይ ያነሰ ኃይል አለው። ወሰኑ የሚደረሰው ከአንቴናው ፊት 6 ሜትር አካባቢ ነው። እርግጥ ቁመቱ 2 ሜትር ለሆነ አንቴና ቀመሩ በደንብ የሚሠራው ከ24 ሜትር በኋላ ነው። ከዚያ ሲቀርቡ ሞገዱ ገና ስላልተስተካከለ ቀመሩ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው አስበልጦ ይናገራል፤ ለጥንቃቄ አይከፋም። ዋናው ጨረር ከላይ አልፎ ስለሚሄድ፣ ከአንቴናው ሥር ካለው ቤተሰብ ይልቅ ሮቶ ሊጠግን ጣሪያ የወጣው ሠራተኛ ነው መጠንቀቅ ያለበት።

እኔን የሚገርመኝ ሰው ማማውን ፈርቶ ስልኩን ጆሮው ላይ መለጠፉ ነው። የሁለተኛው ትውልድ ስልክ በ900 ሜጋኸርዝ ሲናገር በእያንዳንዱ ምት እስከ 2 ዋት ይለቃል። በዚያ ቅርበት የሉሉ ሒሳብ አይሠራም፤ የሚለካው ጭንቅላት የሚውጠው ነው፣ ወሰኑም 2 ዋት በኪሎግራም ነው። ስልኩ ጉልበቱን የሚወስነው ደግሞ በጣቢያው ነው። ምልክቱ ሲደክም ወደ 2 ዋቱ ይወጣል፤ ጣቢያው ቅርብ ሲሆን እስከ 3 ሚሊዋት ገደማ ሊወርድ ይችላል።