የጌም ላፕቶፕ ለምን ይግላል? በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ለሚገኙ ተጠቃሚዎች የሚሆን ማብራሪያ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ የጌም ላፕቶፕ ለጨዋታ ብቻ የሚውል ዕቃ አይደለም። ፈጣን ፕሮሰሰርና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ስላለው የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ስቱዲዮም ሆነ የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ተማሪ ተመራጭ ነው። ስለዚህ በሙቀት የሚበላሸው ላፕቶፕ የአንድ ቤተሰብ መተዳደሪያ ወይም የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የተቀመጠበት ሊሆን ይችላል። ችግሩ ግን በአብዛኛው በድንገት የሚመጣ አይደለም፤ ምልክቶቹን ቀድሞ ያስተዋለ ሰው በጥቂት ወጪ ሊከላከለው ይችላል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

ላፕቶፕ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለቢሮ ሥራ የሚያገለግል ተራ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዋት ሲሆን፣ የጌም ላፕቶፕ ቻርጀር ግን 180፣ 240 ወይም ከዚያ በላይ ዋት ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ሙቀት ውፍረቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሴንቲ ሜትር ከማይበልጥ አካል መውጣት አለበት። ሥራውን የሚያከናውኑት ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ካርዱ የሚስቡ የመዳብ ቱቦዎች፣ በቱቦዎቹ ጫፍ የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎችና አየር የሚገፉ ማራገቢያዎች ናቸው።

ፕሮሰሰሩ ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጨዋታው ከ20 ደቂቃ በኋላ መንቀርፈፍ የሚጀምረው ወይም የቪዲዮው ሥራ ከተለመደው ጊዜ እጥፍ የሚወስደው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀቱ ከዚያም ካለፈ ላፕቶፑ በድንገት ይጠፋል። ያልተቀመጠው ሥራም አብሮ ይጠፋል።

«አገሩ ቀዝቃዛ ነው» የሚለው መዘናጋት

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የወይና ደጋ አየሯ ለሰው የሚስማማ በመሆኑ ላፕቶፕም አይግልባትም ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። እውነታው ግን ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ይጠቅማል። በሌላ በኩል በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞር እንኳ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር መጠኑ የቀነሰ ነው። ስለዚህ በፋብሪካ የታሰበው የማቀዝቀዝ አቅም በከፊል ይባክናል፤ ከነቀምቴ ከፍ ባለችው በሻምቡ ደግሞ ይህ ይበልጥ ይታያል።

ሁለተኛው ምክንያት አቧራ ነው። በበጋው ወራት ከጥርጊያ መንገድ የሚነሳው ደቃቅ አቧራ በማራገቢያው ተስቦ ይገባል። ከሰል በሚቀጣጠልበት፣ ዕጣን በሚጨስበትና ቡና በሚቆላበት ክፍል ደግሞ ቅባትነት ያለው ጭስ አቧራውን ያጣብቀዋል። በብረት ክንፎቹ መካከል የሚጠራቀመው ድብልቅ ውሎ አድሮ እንደ ብርድ ልብስ አየሩን ይዘጋዋል።

ገንዘብ የማይጠይቁ እርምጃዎች

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት የሚያሳዩ እንደ HWiNFO ያሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። የጌም ላፕቶፕ በከባድ ሥራ ላይ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ቢያሳይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ከ90 በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን እርምጃ ያስፈልጋል። ልኬቱ መመዝገብ አለበት፤ አለበለዚያ የተወሰደው እርምጃ መርዳት አለመርዳቱ አይታወቅም።

ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። ገበሬው ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚያቆመው፣ ቡናውንም በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚያሰጣው አየር ከሥር እንዲያልፍ ነው። አብዛኞቹ የጌም ላፕቶፖችም አየር የሚስቡት ከሆዳቸው በኩል ነው። በፍራሽ፣ በብርድ ልብስ ወይም በጭን ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ መተንፈሻው ተዘግቷል ማለት ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ የኋላ ጫፉን በሁለት እኩል እንጨቶች ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ የሚታይ ለውጥ ያመጣል። የኋላና የጎን መውጫዎቹም ግድግዳ ላይ መለጠፍ የለባቸውም።

ሦስተኛው ቅንብር ነው። ጨዋታው በሰከንድ የሚያሳየውን የምስል ብዛት በ60 መገደብ የግራፊክስ ካርዱን ጫና ይቀንሳል። በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 በመቶ ወደ 99 በመቶ ማውረድ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ድንገተኛውን የፍጥነት ጭማሪ ያስቆመዋል። ፍጥነቱ በመጠኑ ቢቀንስም ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ጎላ ባለ ሁኔታ ይወርዳል።

ምንም ሳይሠራ የሚግል ላፕቶፕ ሲያጋጥም ግን መመርመር ያለበት ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ከኢንተርኔት ወይም ከፍላሽ የገባ አጥፊ ሶፍትዌር የሌላውን ሰው ፕሮሰሰር በስውር ሊጠቀምበት ይችላል።

ማጽዳትና ጥንቃቄው

ከጊዜ ወደ ጊዜ እየባሰ የሄደ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ አቧራን ያመለክታል። አቧራ በሚበዛበት አካባቢ በየስድስት ወሩ ማጽዳት ተገቢ ነው፤ በጋው ሲያልቅና ክረምቱ ሲወጣ ማድረግ ለማስታወስ ይቀላል። ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ከቻርጀር ይነቀላል፣ ክዳኑ ከተከፈተም የባትሪው ገመድ ከሁሉ በፊት ይለያል። ማራገቢያው በጣት ተይዞ በለስላሳ ብሩሽና በእጅ በሚጨመቅ ወይም በጣሳ በሚሸጥ አየር ይጸዳል። ሳይያዝ በኃይለኛ አየር ከዞረ ሊጎዳ ይችላል።

በጎሚስታ ቤት የሚገኘው የጎማ መሙያ አየር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ግፊቱ ከመጠን በላይ ከመሆኑም ሌላ ውኃና ዘይት ቀላቅሎ ሊረጭ ይችላል።

ጽዳቱ በቂ ካልሆነ በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል። ይህ ቅባት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መተካት ያስፈልገዋል። አሮጌው ንጽሕናው ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል። በፋርማሲ የሚሸጠው የ70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለው፣ እርሱ ብቻ ከተገኘ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ይገባል። በቴርማል ፔስት ምትክ የጥርስ ሳሙና ወይም የመኪና ግሪስ መቀባት ጉዳት ነው። አንዳንድ የጌም ላፕቶፖች ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ብረት ስለሚጠቀሙ እነዚህን ልምድ ያለው ባለሙያ ብቻ መክፈት አለበት።

ለአፍታም መዘግየት የሌለበት ምልክት

የላፕቶፑ ሆድ ወይም የመዳፊያው ሥፍራ ካበጠ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀትና በእርጅና የተጎዳ ባትሪ ነው። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ወዲያው ይጠፋል፤ ቻርጅ አይደረግም። ባትሪውን መጫን፣ መብሳት ወይም እሳት ዳር ማስቀመጥ ቃጠሎ ሊያስነሳ ስለሚችል ለባለሙያ ማድረስ ይገባል። ጤናማውን ባትሪ ለማቆየት ደግሞ አምራቹ ቅንብሩን ካዘጋጀ፣ ሁልጊዜ በቻርጀር ለሚሠራ ላፕቶፕ መሙያውን በ80 በመቶ መገደብ ጠቃሚ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰውም ሙቀቱን ሳይፈትሽ ገንዘብ መክፈል የለበትም። አምስት ደቂቃ አብርቶ ማየት የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ከባድ ጨዋታ ወይም ቪዲዮ ለ30 ደቂቃ አሠርቶ ልኬቱን ማየት፣ የማራገቢያውን ድምፅ ማዳመጥና የሆዱን ቅርጽ መመልከት ያስፈልጋል። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ምክንያቱን መጠየቅ የገዥው መብት ነው።

ከሁሉም በላይ በመጋል ላይ ያለ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ ሥራ ዋስትና የለውም። ላፕቶፑን ወደ ጥገና ከመውሰድ አስቀድሞ ፋይሎችን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። የተቃጠለ ላፕቶፕ በገንዘብ ይተካል፤ የአንድ ዓመት ጥናት ወይም የሰው ሠርግ ግን በገንዘብ አይተካም።