የእንዶድ አረፋ እስከ የት ደረሰ?

ሳሙና በየሱቁ ከመግባቱ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆመው ይህንን አረፋ አዩ። ወደዚያ የወሰዳቸው ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እየፈለጉ ነበር። ሴቶቹ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በርከት ብለው ተንሳፍፈዋል። በሕይወት ያሉትን በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋውን እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ጤናን፣ አካባቢንና ፖሊሲን በአንድ ጥናት ለማያያዝ ሦስተኛ ዲግሪ የሚጀምር ወጣት ባገኘሁ ቁጥር ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሦስቱ ቃላት ፕሮፖዛል ላይ ተደጋግፈው ይቆማሉ። ወንዙ፣ ሆድ ዕቃውና የመንግሥት ጠረጴዛው ግን በየራሳቸው ሰዓት የሚሄዱ ናቸው። የእንዶድ ታሪክም በአብዛኛው የሰዓት ታሪክ ነው።

ቢልሃርዚያ ራሱ የተማሪውን ርዕስ የመረጠለት ይመስላል። እንቁላሉ ከሰው ሰገራ ወይም ሽንት ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ የሚፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ የሚቀዳውን፣ የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። መጸዳጃ ቤት የጤና ጉዳይ ነው፣ መስኖ የግብርና፣ ወንዙ የውኃና የአካባቢ። ትሉ ግን የመሥሪያ ቤቶቹን ድንበር አያውቅም። በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች ቦዮቹ ሲዘረጉ ቀንድ አውጣውም ቤት አግኝቷል።

ዶክተር አክሊሉ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ በእንዶድ ወንዙን የማከም ሙከራ ተደረገ። በትናንሽ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአካባቢው ዝርያ እየሰበሰቡ አፈራርቀው ተከሉ፣ መርጠውም «እንዶድ 44» የተባለውን ለዩ። በአሜሪካ ቤተ ሙከራ ተነጥሎ የወጣው ገዳይ ንጥረ ነገር «ለማቶክሲን» ተባለ፤ የአባታቸው ስም በኬሚስትሪ መዝገብ ገባ ማለት ነው።

የሳይንሱ ድርሻ እስከዚህ ነው፤ ጥሩ የዶክትሬት ተማሪ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይመረቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እንዶድን በይፋ አልተቀበለም። የመርዛማነት ምርመራው በደረጃው አልተሠራም የሚል ነበር መልሱ። በገበያ ላይ የነበረው ማጥፊያ የባየር ኩባንያ ኒክሎሳማይድ ሲሆን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ነበር። ዶክተር አክሊሉ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ችግሩ የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ አለመሆኑን፣ በበለጸጉት አገሮች ያሉ ሰዎችና ድርጅቶች ለአፍሪካ ሳይንስ ያላቸው ንቀትም እንዳለበት ተናግረዋል።

እኔ ግማሹን እቀበላለሁ። የአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ውጤት ኦታዋ ላይ ካልተደገመ የማይታመንበት ዓለም እንደነበር አያጠራጥርም፤ በእርግጥም ቁርጥ ያለው የደኅንነት ጥናት በካናዳ ገንዘብ እዚያው ካናዳ ተሠርቶ በ1990ዎቹ መግቢያ ነው የወጣው። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ የጥንት ዓሣ አጥማጅ ይህን ያውቃል። ወንዝ ውስጥ የሚጨመረውን ነገር የሚፈቅድ ባለሥልጣን «ሌላውስ ፍጡር?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ጥያቄው ትክክል ሆኖ የምላሹ ወጪ ለጠያቂው ሳይሆን ለተጠያቂው ድሃ አገር መተዉ ነው የሚያሳዝነው።

ኦታዋ መልስ ስትሰጥ ደግሞ ጥያቄው ተቀይሮ ነበር። በ1970ዎቹ የተሠራው ፕራዚኳንቴል ርካሽ እየሆነ መጣና ፖሊሲው ከወንዙ ወደ ኪኒኑ ዞረ። በ2001 የዓለም ጤና ጉባኤ ለትምህርት ቤት ልጆች ኪኒን የማዳረስ ግብ አስቀመጠ፤ ኢትዮጵያም በ2015 አገር አቀፍ የትል ማስወገጃ ዘመቻ ጀመረች። ኪኒኑ ትሉን ይገድላል። ልጁ ከሰዓት በኋላ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ ግን ቀንድ አውጣው እዚያው ነው።

(የጎን ነገር፦ በ1990 የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው ሲጠራቸው፣ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውኃ ቱቦ ስለሚዘጋ ዜብራ መስል ስለሚባል ባለቅርፊት እንስሳ ሰሙ። እንዶድ እሱንም ገደለው። የፈጠራ ባለቤትነቱን ዩኒቨርሲቲው አስመዘገበ። የአድዋዋ አጣቢ በመዝገቡ ውስጥ የለችም።)

ሌላው ታሪክ በተቃራኒው በኩል የመጣ ነው። በ1990ዎቹ ትግራይ ውስጥ ድርቅን ለመቋቋም አነስተኛ ግድቦች ተገነቡ። ቴዎድሮስ አድኃኖም፣ በኋላ የጤና ሚኒስትርና የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት፣ የኖቲንግሃም ዶክትሬታቸውን ያጠኑት ግድቦቹ ወባን ምን ያህል እንዳመጡ ነው። በ1999 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጽሑፍ እንደሚለው በግድብ አጠገብ ባሉ ልጆች ላይ የወባ ክስተት ራቅ ካሉት ሰባት እጥፍ ነበር። ግድብ መሥራት ይቁም አላሉም፤ ጤናው ከዕቅዱ ጋር አብሮ ይታሰብ ነው ያሉት። ግድቦቹ ግን ተገንብተው ቆመዋል፣ ውኃውም ተኝቷል። እዚህ ሳይንሱ ከሥራው በኋላ ደረሰ፤ በእንዶድ ደግሞ ከሥራው በፊት ደርሶ በር ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተጽፏል። የ2002ቱ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299፣ ተፅዕኖ ሲል የሰው ጤናንም ይጨምራል። ስለዚህ የዛሬው ተማሪ በአንድ ነገር ከአክሊሉ ይበልጣል፤ አንቀጹን ጠቅሶ መግባት ይችላል። አንቀጹ የሚያስከብረው ሰው ካገኘ ማለቴ ነው። አማካሪዎች «ፖሊሲውን በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ጨምርበት» ሲሉ ስሰማ እገረማለሁ። ለወንዙ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ምን ዓይነት ማስረጃ ነው የሚቀበለው? እንዶዱን ማን ያመርታል፣ በየትኛው በጀት? እነዚህን የመጀመሪያው ዓመት ላይ የጠየቀ ተማሪ የመጠን ምርመራውን፣ የዓሣውን ጉዳይ፣ የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ ከዋናው ጥናቱ ጋር አብሮ ያቅዳል። ሲመረቅ ዕድሜው ትንሽ ይገፋል።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ቀንድ አውጣው ተመልሶ የመስክ መመሪያ አወጣ። በመመሪያው ውስጥ ያለው ማጥፊያ ኒክሎሳማይድ ነው።