ለቆዳ ሥራ የሚስማማ ገበታ

ባለፈው ዓመት ቀበቶ ለመሥራት ተነሥቼ፥ አጎቴ ባዋሱኝ የመብሻ ብረት ቆዳውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግቼ በሳሁት። ቀዳዳው ወጣ፤ ነገር ግን የብረቱ ስለት ተሸረፈ። አጎቴ እንጀራቸውን የሚያገኙት በዚሁ ብረት ስለ ሆነ እፍረቴ ታላቅ ነበር። ስለዚህ ከጥፋቴ የተማርኩትን ለጓደኞቼ ላካፍል።

አንድ ገበታ ለሥራው ሁሉ አይበቃም። ለመብሳትና ለመቁረጥ በአግድም የተቆረጠ የግንድ ጉማጅ ይሻላል፤ ስለቱ በእንጨቱ ቃጫዎች መካከል ስለሚገባ አይጎዳም። በቆዳ ላይ ጌጥ ለማተም ግን እንጨት አይሆንም፤ የመዶሻውን ኃይል እየዋጠ ምልክቱን ያደበዝዘዋል። ለዚህ የሚበጀው ወፍራም እብነ በረድ ነው፤ እርሱም ጠረጴዛው እንዳይነጥር ከእግሩ አናት ላይ ይቀመጣል። የቆዳን ጠርዝ ለማሳሳት ደግሞ ወፍራም መስተዋት ይስማማል፤ ቢላዋው ሳይነክስ ይንሸራተትበታል። በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ ረጥቦ ሳለ በባዶ ብረት ላይ ከዋለ ይጠቁራልና ከዚህም መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አጎቴ ብረቱን ለብዙ ሰዓት ሲስሉ ቆይተው፥ «ልጄ፥ ከመምታትህ በፊት ከሥር ያለውን እይ» አሉኝ። እኔም ይህንኑ ለእናንተ እላለሁ።