«ቤቶች! ውሻ ያዙልን!»

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ሰው ደጅ የደረሰ ሁሉ ከሰላምታው በፊት የሚጣራው «ቤቶች! ውሻ ያዙልን!» ብሎ ነው። ከውስጥም «ግቡ፣ ግቡ፣ አይናከስም!» የሚል መልስ ይመጣል። ለሩቅ እንግዳ ይኸው ይበቃል። ጎረቤት ግን በቀን አምስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ወንፊት ሊዋስ፣ ቡና ሊጠራ፣ የጠፋች ዶሮ ሊፈልግ። አጥር የሚጋራውን ሰው ውሻው ዛሬም እንደ ሌባ ሲቀበለው ባለቤቱ ያፍራል፤ ጎረቤትም ቀስ በቀስ እግሩን ይሰበስባል።

ይህ ባለ ጩኸት «የሀበሻ ውሻ» የምንለው ነው። ቁመቱ መካከለኛ፣ ጠጉሩ አጭር፣ ፍርፋሪ በልቶ የደጋውን ብርድ ችሎ የሚያድር። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። በጎቹን ከጅብ፣ ቤቱን ከሌባ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ጨርሶ ዝም እንዲል የሚፈልግ የለም። የሚፈለገው ጅብንና ጎረቤትን እንዲለይ ነው።

እንጅባራና ዳንግላ ያሉበት አዊ የፈረስ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር፣ ያጌጠው ፈረስ በእልልታና በሆታ መካከል ሳይደነብር ሲያልፍ ይታያል። ያ ፈረስ እንዲያ ሆኖ አልተወለደም፤ ተገርቶ ነው። ፈረሱን በትዕግሥት የገራው ሰው ግን ስለ ውሻው ሲጠየቅ «ተፈጥሮው ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላል። ውሻም ይገራል።

ለምን ይጮኻል?

ጎረቤት በአጥሩ ሥር ያልፋል፤ ውሻው ይጮኻል፤ ጎረቤት መንገዱን ይቀጥላል። እኛ ሰውየው ወደ ጉዳዩ እንደሄደ እናውቃለን። ውሻው የሚያውቀው ጮኾ ማባረሩን ነው። በቀን አሥር ጊዜ ድል የቀናው ዘበኛ ሥራውን የሚተውበት ምክንያት የለውም። ጌታው ከቤት ሆኖ «ዝም በል!» እያለ ሲያንባርቅበት ደግሞ አጋዥ ያገኘ መስሎት ይብስበታል።

አጥሩም የራሱ ድርሻ አለው። በአካባቢው ብዙ ግቢ የሚታጠረው በቀርከሃ ነው። በቀርከሃው ስንጥቅ ውሻው የሚያየው ሙሉ ሰው አይደለም፤ አንዴ እግር፣ አንዴ ጥላ፣ አንዴ የነጠላ ጫፍ ነው። ጆሮው ግን ቀድሞ ሰምቷል። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ንዝረት ሲሰማ፣ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። ሰምቶ፣ አሽትቶ፣ በቅጡ ማየት ግን ያቃተው ውሻ ይጨነቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው፦ ከመንገዱ ዳር ነቅሎ ወደ ጓሮ ማሰር፤ ካልተቻለም በውሻው ዓይን ትክክል ያለውን የአጥሩን ክፍል በማዳበሪያ መጋረድ።

ጩኸትም ሁሉ አንድ አይደለም። የቡዳፔስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች የተቀዳ የውሻ ድምፅ ብቻ ሰምተው ውሻው ብቻውን ታስሮ ይሁን፣ እንግዳ መጥቶበት ወይም እየተጫወተ በደምሳሳው መለየት ችለዋል። ውሻ አሳድገው የማያውቁትም ጭምር። የራሱን ውሻ ሳምንት ያህል ልብ ብሎ ያዳመጠ ባለቤት ደግሞ የበለጠ ይለያል። ጩኸቱ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ከመዋል የመጣ መሰልቸት ከሆነ፣ መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ይዞት መውጣት ነው።

መግራቱ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ተረቱን ብዙ ጊዜ ሰው ለመውቀስ እንጠቀምበታለን እንጂ የመግራቱ ዘዴ እዚያው ውስጥ አለ። ውሻ የሚጮኸው ለበላበት ከሆነ፣ ጎረቤቷም ካበሉት እጆች አንዷ ትሁን።

አዊ ላይ ድንች አይጠፋም። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ ጥፍር ጥፍር እያከለ ይቆረሳል። ጎረቤቷ ለቡና ስትጠራ ውሻው ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ይታሰር፤ ባለቤቱ አጠገቡ ይቀመጥ። አቦል እስኪጠጣ ድረስ ውሻው ወደ እሷ ባየ ቁጥር፣ አፉን ሳይከፍት አንዲት ቁራሽ ይጣልለት። ቁራሹ ከጩኸቱ መቅደም አለበት፤ ከጮኸ በኋላ ከመጣ የጩኸቱ ደመወዝ ይሆናል። በቶናው እሷ ሁለት ሦስት እርምጃ ትጠጋ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን፣ ዓይኑን ሳታፈጥበት። ድንቹንም አሁን እሷ ትወርውርለት። ከጮኸ ቀርባዋለች ማለት ነው፤ ሳይቆጡት ወደ ኋላ መመለስ ነው። በረካው ላይ ግን በአንድ ቀን አይደረስም። ከእጇ እስኪበላ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ጎን ለጎን «በቃ» የሚለውን ቃል ይማር። ሁለት ሦስት ጊዜ ይጩኽ፤ ከዚያ ባለቤቱ በዝግታ «በቃ» ብሎ ቁራሹን አፍንጫው ላይ ያስጠጋለት። ለማሽተት ዝም ይላል። ሁለት ተቆጥሮ ይሰጠዋል፤ በሌላ ቀን አምስት፣ ኋላም አሥር ይቆጠራል። ቤተሰቡ ሁሉ ያንኑ ቃል ይጠቀም። አባት «በቃ»፣ ልጅ «ዝም»፣ እናት «ክላ» ካሉት የትኛውን ይያዝ?

ዱላ አይረዳም። ጎረቤቷ በታየች ቁጥር የሚመታ ውሻ «እሷ ስትመጣ ያመኛል» ብሎ ይማርና የባሰ ይጠላታል። ኃይለኛ ይሆናል ብሎ በርበሬ ማብላትም ሆነ ጨለማ ውስጥ መዝጋት ፈሪ ውሻ ያወጣል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ማንንም ይነክሳል። ከዚህ በፊት ሰው የነከሰ ከሆነ አፉ ሳይታሰር ይህን ልምምድ አይጀምር፤ ልጆችም አይጠጉት።

ድምፁ በድንገት ቢጎረንን፣ ጠባዩም ቢለወጥ ነገሩ ከመግራት ያልፋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የነከሰውን ቦታ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ውሻ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይከተባል፤ ክትባቱም በጊዜው ይታደሳል።

ሕጉም ቢሆን ነገሩን አላለፈውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ በቁጥር 2071 ደግሞ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፣ እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጠው እንኳ። ዳኛ ፊት ከመቆም ግን ድንች መቀቀል ይቀላል።

ውጤቱ የሚታወቀው ቀን ላይ ብቻ አይደለም። ሌሊት ጅብ በጎረቤቷ በረት ዙሪያ ሲያንዣብብ፣ ከእጇ ድንች የበላው ውሻ የእሷንም በግ እንደ ራሱ ቆጥሮ ይነሣል። ያን ጊዜ ጎረቤቷ ከመኝታዋ ሆና ጩኸቱን ትሰማለች፤ «ዝም አሰኙልኝ» ግን አትልም።