ድሪቶና መጽሐፉ

ሰው በትርፍ ጊዜው የሚሰበስበው ነገር ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው የጥንት ገንዘብ፥ ሌላውም የዘፈን ሸክላ ያጠራቅማል። እኔ ግን «አንተስ ምን ትሰበስባለህ?» ተብዬ ስጠየቅ፥ መልሱን ከመናገሬ በፊት የጠያቂዬን ፊት አስቀድሜ እመለከታለሁ። የምሰበስበው የድሪቶ መጻሕፍትንና መጽሔቶችን ነውና። የሒሳብ አስተማሪ፥ ያውም ጎልማሳ ወንድ፥ ስለ መርፌና ስለ እራፊ የሚናገር መጽሐፍ ታቅፎ ሲሄድ መታየቱ ለብዙ ሰው የሚያስቅ ይመስላል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ባልደረቦቼ «መምህር ድሪቶ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ስሙን ወድጄ ተቀብየዋለሁ፤ ምክንያቱንም ለውድ አንባቢዎቼ ላጫውት።

በእኛ አገር ድሪቶ የሚለው ቃል ደስ የሚያሰኝ አይደለም። እራፊ በእራፊ ላይ እየተደረተ የሚሰፋ የድኻ ልብስ ነውና «ድሪቶ ለባሽ» ማለት ስድብ ነው። ፈረንጆች ግን የእኛን ድሪቶ የሚመስለውን ሥራ «ኩዊልት» ብለው ሰይመው ከታላላቅ የእጅ ጥበቦች መካከል ቈጥረውታል። አሠራሩ ሦስት ድርብ ያለው ነው። ከላይ በልዩ ልዩ ቅርጽ የተገጣጠመ እራፊ፥ ከመካከል ጥጥ፥ ከታች ደግሞ ገበር ይሆንና ሦስቱ በጥቃቅን ስፌት ይያያዛሉ። ስፌቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጥጡ እንዳይንሸራተትና ባንድ ወገን እንዳይከማች የሚያግደው እርሱ ነው።

ያደግሁት በልደታ፥ አብነት በሚባለው ሠፈር ነው። እናቴ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በሲንጀር መኪና የሰው ልብስ እየሰፋች አሳደገችን። ከመኪናዋ ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ታጠራቅመውና ክረምት ሲገባ፥ ሥራ ሲቀዘቅዝ፥ እያገጣጠመች የብርድ መከላከያ ትሰፋልን ነበር። ከርሷም መደርደሪያ ላይ አንዲት ደንበኛ ጥላው የሄደች፥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የ«ቡርዳ» መጽሔት ነበረ። ቡርዳ ማለት አና ቡርዳ የተባለች ጀርመናዊት እ. ኤ. አ. በ1950 ዓ. ም. በኦፈንቡርግ ከተማ ማሳተም የጀመረችው የልብስ ስፌት መጽሔት ነው። በውስጡ የሚታጠፍ ትልቅ የቅድ ወረቀት አለው፤ የብዙ ልብስ ቅድ በልዩ ልዩ መሥመር ተደራርቦ ስለሚታተምበት ላላወቀው የባቡር ሐዲድ ካርታ ይመስላል። እናቴ ጀርመንኛ አንዲት ቃል አታውቅም፤ መሥመሩን ግን እንደ ዳዊት ትደግመው ነበር።

ያን ድሪቶ እኔ አልወደውም ነበር። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ወደ ቤት ሲመጡ ከአልጋው ላይ አንሥቼ እደብቀዋለሁ። በኋላም ትምህርቴን ጨርሼ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል አበባ ያለበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ገዝቼ ገባሁና ድሪቶውን በበራችን «ልዋጭ!» እያለ ለሚያልፈው ሰው ሰጠሁት። በምትኩ አንድ የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን ተቀበልኩ። እናቴ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብላ አዲሱን ብርድ ልብስ ዳሰሰችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ መርካቶ ምናለሽ ተራ ለበር ማጠፊያ ፍለጋ ሄጄ ሳለ፥ ከአሮጌ ብረታ ብረት አጠገብ በተከመረ ወረቀት ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አየሁ። ስለ ድሪቶ የሚናገር ነበር። ገለጥ ሳደርገው በመካከሉ ገጽ ላይ የእናቴ ድሪቶ ቁጭ ብሏል! በመካከል አንዲት ቀይ አራት ማዕዘን፥ በዙሪያዋ ቀጫጭን ቁርጥራጮች እንደ ግድግዳ ተደርድረው፥ በአንድ ወገን ነጣ ያሉት፥ በሌላው ወገን ጠቆር ያሉት። መጽሐፉ ይህን አሠራር «የግንድ ጎጆ» ይለዋል። ያን መጽሐፍ ፈጽሞ አይታ የማታውቅ ሴት በአብነት ጓዳ ውስጥ ተቀምጣ ያንኑ ሠርታዋለች። 40 ብር ከፍዬ ወሰድኩት፤ የበሩን ማጠፊያ ግን ሳልገዛ ተመለስኩ።

መሰብሰብ የጀመርኩት እንዲህ ነው። ዛሬ ከመቶ የማያንሱ መጻሕፍትና መጽሔቶች አሉኝ። ከእነርሱም የተማርኩት ብዙ ነው። በፊላዴልፊያ እ. ኤ. አ. በ1830 ዓ. ም. መታተም የጀመረው የጎዲ የሴቶች መጽሔት ባለ ስድስት ጎን የእራፊ ንድፍ በ1835 ዓ. ም. አውጥቶ ነበር። ስለ ኩዊልት ታሪክ ብቻ የተጻፈውን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ማሪ ዌብስተር በ1915 ዓ. ም. አሳተመች። ቦኒ ሌማን ደግሞ በ1969 ዓ. ም. በኮሎራዶ፥ በገዛ ቤቷ የጀመረችው መጽሔት እስከ 2016 ዓ. ም. ድረስ ሲታተም ኖሯል።

ባለ ስድስት ጎኑ ንድፍ ለእኔ ለሒሳብ አስተማሪው ትልቅ ሲሳይ ሆኗል። ተማሪዎቼን «ንብ የማር እንጀራዋን ስለ ምን ባለ ስድስት ጎን አደረገችው? ባለ አምስት ጎንስ ቢሆን?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። የባለ ስድስት ጎን ማዕዘን 120 ዲግሪ ስለ ሆነ ሦስቱ ሲገጥሙ ልክ 360 ይሞላሉ። የባለ አምስት ጎን ማዕዘን ግን 108 ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ 324 ብቻ ስለሚሆኑ የ36 ዲግሪ ቀዳዳ ይቀራል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የሚያንቀላፋ ተማሪ እራፊ ቈርጦ ሲያገጥም አያንቀላፋም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የሐሪየት ፓወርስ ታሪክ ነው። ይህች ሴት እ. ኤ. አ. በ1837 ዓ. ም. በጆርጂያ አገር በባርነት የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በአሥራ አንድ ሥዕል ከፍላ በጨርቅ ላይ ሰፋችና በ1886 ዓ. ም. በአንድ ትርኢት ላይ አሳየችው። ጄኒ ስሚዝ የተባለች የሥዕል አስተማሪ ልግዛው ብትላት እምቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ችግር ሲጸናባት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር ሸጠችው። ከሸጠችውም በኋላ ሥራዋን ለማየት እየተመላለሰች ትሄድ ነበር ይባላል። ገዢዋ አንድ መልካም ነገር አደረገች፤ የእያንዳንዱን ሥዕል ትርጉም ከሠሪዋ አፍ እየሰማች ጻፈችው። ዛሬ ያ ጨርቅ በዋሽንግተን በአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል፤ ተመልካችም ሥዕሉ ምን እንደሆነ የሚያውቀው አንዲት አስተማሪ ብዕር ስላነሣች ነው።

ይህን ባነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም አስተማሪ ነኝ። በቤቴ የነበረውን ግን በጎድጓዳ ሳህን ለውጬዋለሁ።

በማግሥቱ ባለ አራት ማዕዘን መሥመር ደብተርና ባለ ቀለም እርሳስ ገዝቼ ከእናቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ መርፌ አትሰካም። ይሁን እንጂ ድሪቶውን ከራስጌ እስከ ግርጌ በቃሏ ነገረችኝ። «በስተግራ ጥግ ያለው የአባትህ ካኪ ሱሪ ነው። ከሱ ቀጥሎ ሰማያዊው የእኅትህ የትምህርት ቤት ልብስ። ቀያዮቹ ሁሉ የአንዲት ሙሽራ ሚዜ ልብስ ትራፊ ናቸው፤ ሂሳቡን ሳትከፍለኝ ቀረች» አለችና ሳቀች። እኔም እየሣልኩ፥ እያስቀለምኩ፥ ስም እየጻፍኩ ሦስት እሑድ ፈጀን። በመጨረሻ «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብላት «ምን ይደረግ፤ አንተ ብርድ እንዳይነካኝ ብለህ ነው» አለችኝ። ያ ደብተር ዛሬ ከመጻሕፍቴ ሁሉ በፊት የተቀመጠ ነው።

ነገሩ የእኔና የእናቴ ብቻ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ዘመን የተሠራ፥ ሦስት ወርድ ጎን ለጎን ተሰፍቶ አምስት ሜትር ከፍታ ያለው የሐር መጋረጃ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። በቀዳዳ ገበታ ላይ ክር እያዞሩ እንዲህ ያለውን ሐር የመሸመን ሙያ ግን ከአገራችን እጅ ወጥቷል። ባለሙያ ሲሞት ሙያው አብሮት የሚቀበረው ጽሑፍ ሲያጣ ነው። የጨርቅ ሥራ ደግሞ ይበልጥ አላፊ ነው፤ ይለበሳል፥ ይታጠባል፥ ያልቃል። እነሆ፥ በአላባማ በጂስ ቤንድ መንደር ያሉ ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፉት ድሪቶ እ. ኤ. አ. በ2002 ዓ. ም. በሂውስተን ሙዚየም ሲሰቀል ዓለም አደነቀው፤ በ2006 ዓ. ም. ደግሞ በአሜሪካ ቴምብር ላይ ወጣ። የተሠራውም እንደ እናቴ ሥራ ለብርድ ነበር።

እንግዲህ መሰብሰብ ለምትፈልጉ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጥቂት ምክር ልስጥ። ብዙ ገንዘብ አያሻም። በልደታ አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ ሰው ወደ ፎቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጣለው ወረቀት ነውና ዘመድ ጎረቤት ቤት ሲለቅ ለማገዝ ሂዱ። የስፌት መጽሔት ስትገዙ የቅድ ወረቀቱ በውስጡ መኖሩን እዩ፤ እርሱ ከሌለ መጽሔቱ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሳጥን ነው። መጽሔቱን ብታውሱ እንኳ የቅድ ወረቀቱን አታውሱ። መጻሕፍቱን ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቁ፤ የገዛችሁበትን ቀንና ቦታ በእርሳስ ጻፉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ በአልጋው፥ በሳጥኑ፥ በመሶቡ ላይ ያለውን ጨርቅ ተመልከቱና «ይህን ማን ሠራው? እንዴትስ ሠራው?» ብላችሁ እናታችሁን ጠይቁ። መልሱንም ጻፉት። «ልዋጭ!» የሚለው ሰው ነገም በበራችሁ ያልፋል።